«ትንሽ» አለች

«ኧረ የሰው ያለህ! ሚስቴ ትንሽ አመመኝ አለች!»

አንድ ሽማግሌ ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆመው እንዲህ እያሉ ሲጮሁ ብትሰሙ ምን ታደርጋላችሁ? ትስቃላችሁ። የሸዋ ሮቢት ሰውም ሳቀ። ዘበኛው ሳቀ፤ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተጠቃቀሱ፤ አንዱማ «ትንሽ ካመማቸው ትንሽ ቆይታችሁ ኑዋ!» ብሎ አግዳሚ ወንበሩን ሁሉ አሳቀ። እኔም ሌላ ቀን ቢሆን ከፊት ተሰልፌ እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

ሽማግሌው አከራዬ ናቸው። ባጃጁ ውስጥ ሆዳቸውን ይዘው የታጠፉት ደግሞ ባለቤታቸው። ስማቸውን ለራሴ ላስቀረውና፣ እንደለመድኩት ጋሼና እትዬ ልበላቸው። እትዬ ያን ሰዓት በሞትና በሕይወት መካከል ነበሩ። ይህን ከጋሼ በቀር ያወቀ አልነበረም፤ ጋሼም ያወቁት ሰው በሚስቅባት በዚያችው ቃል ነው። እንዴት ሆኖ እንደሆነ ለመናገር ከመማሪያ ክፍሌ መጀመር አለብኝ።

እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ የደጋ አገር ሰው። መጀመሪያ ተመድቤ ስመጣ የጣርማ በርን ዋሻ እንዳለፍኩ ካፖርቴን አወለቅሁ፣ ደብረ ሲና ላይ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ሸዋ ሮቢት ስደርስ የሚወልቅ ነገር የቀረኝ ቆዳዬ ብቻ ነበር። እሱንም ባወልቀው ደስ ባለኝ።

እንግሊዞች ነገርን መመጠኛ ቃላት አሏቸው። እኛ «በጣም» ብለን የምንገላገለውን እነሱ ደረጃ በደረጃ ያስቀምጡታል። ይህን ለማስተማር ሰሌዳው ላይ መሰላል ሣልኩ። ጫፉ ላይ «ኤክስትሪምሊ»ን ሰቀልኩ፤ ከሱ ዝቅ ብሎ «ቬሪ»፣ ከሱ ዝቅ ብሎ «ፌርሊ»፣ መሬት ሊነካ የደረሰው እርከን ላይ ደግሞ «ስላይትሊ»ን አስቀመጥኩ። የዕለቱ ትምህርት እሷ ነበረች።

«ስላይትሊ ማለት» አልኩ፣ «ነገሩ አለ፤ ግን ካልተነገረህ ልብ ላትለው ትችላለህ። ሻዩ ስላይትሊ ቀዝቅዟል ማለት ትጠጣዋለህ፣ ፊትህን ግን ትቋጥራለህ። አባትህ ስላይትሊ ተቆጥቷል ማለት ራትህን ትበላለህ፣ ቴሌቪዥን ግን አታይም። ገባችሁ?»

«ገባን!» አሉ። ልጆች ሳይገባቸው ነው እንዲህ የሚጮኹት።

ዓረፍተ ነገር ሥሩ አልኳቸው። ከኋላ ወንበር አንዷ ብድግ ብላ፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ «ሸዋ ሮቢት ኢዝ ስላይትሊ ሆት» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በሙቀቱ ቋ ቋ ይላል፤ የእኔ ሸሚዝ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ ሁለተኛ ቆዳ ሆኗል። «ስላይትሊ?» አልኳት፣ «አንቺ ልጅ፣ ይኸ ስላይትሊ ከሆነ ቬሪው የት አገር ነው?»

«አክስቴ አፋር ነው ያለችው ቲቸር» አለች። «ክረምቱን እዚያ ነበርኩ። ከዚያ ለመጣ ሰው ይኸ ስላይትሊ ነው።»

አፌን አስያዘችኝ። ሙሉ ውጤት ሰጠኋትና ስላይትሊ እየተነጫነጭኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቤቴ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ነበር። ከጋሼና ከእትዬ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። ጋሼ ሽንኩርትና ማሾ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው፤ ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ ትከሻቸው ላይ ፎጣ ጥለው፣ ከፈጅር ሰላት ቀጥ ብለው ማሳቸው የሚወርዱ። በዚህ ዓለም ላይ አንድ የመጠን ቃል ብቻ ያውቃሉ፤ «ትንሽ»። የእኔን መሰላል ቢያዩት የታችኛዋን እርከን ብቻ ይዘው ሌላውን ለማገዶ ይፈልጡት ነበር።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ በማሳቸው አለፈ። ማታ ሲገቡ «ጋሼ፣ ሽንኩርቱ እንዴት ሆነ?» አልኳቸው። «ትንሽ ውሃ ገብቶበታል» አሉ፣ እጃቸውን እየታጠቡ። በማግስቱ ላጽናናቸው ብዬ አብሬአቸው ወረድኩ። ወይ ጉድ! ማሳ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ወንዝ ነው። ሽንኩርቱ አዋሽን አልፎ ሄዷል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከማንጎው ዛፍ ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ። «ትንሽ ጠመም ብሏል» አሉኝ። ክንድየው ወዲያ ይመለከታል፣ ጋሼ ወዲህ።

«ምነው ጋሼ፣ አንዴ እንኳ በጣም ቢሉ ምን ይቀርብዎታል?» አልኳቸው።

«ነውር ነው ልጄ። ለአላህ ስሞታ አይቀርብም።» ቀጥለው ስለ አባታቸው ነገሩኝ። አባታቸው ከአሊዩ አምባ ገበያ ያደጉ ነጋዴ ነበሩ፤ «ግመሌ በጣም ደክማለች ብሎ አፉን የከፈተ ነጋዴ፣ ግመሏን ጥሎ በእግሩ ይገባል» ይሉ ነበር። «ደግሞ» አሉ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ክፉን ነገር ሙሉውን ከጠራኸው ይሰማሃል። ሰምቶም ይመጣል። ደጉንም ሙሉውን ከጠራኸው ዓይን ያገኘዋል። ትንሽ ብለህ እለፈው።»

አጃኢብ ነው፤ እኚህን ሰው አላህ ያጣመራቸው ከእትዬ ጋር ነው።

እትዬ የማጀቴ ልጅ ናቸው። ብዙ እህትና ወንድም ባለበት ቤት አድገው፣ «ቀስ ብሎ የተናገረ ጦሙን ያድር ነበር» ይላሉ። ስለዚህ ቀስ ብለው ተናግረው አያውቁም። ሻይ ሲያቃጥላቸው ተቃጠልኩ ሳይሆን «ነደድኩ፣ አመድ ሆንኩ» ነው። ጨው ከበዛ «ፈጁን፣ ጨረሱን» ነው። ግቢው በገባሁ ሰሞን አንድ ከሰዓት ተኝቼ፣ «ወይኔ ሞትኩ! አለቅኩ! ኧረ ድረሱልኝ!» የሚል ጩኸት ቀሰቀሰኝ። እባብ ነው ብዬ አንድ እግር ጫማዬን እንደ ጦር ይዤ ሮጬ ገባሁ። እትዬ መርፌና ክር ይዘው ተቀምጠዋል። ክሩ አልገባ ብሏቸው ነው።

ስወጣ ጋሼ ደጃፉ ላይ የዶማ እጀታ ይፍቃሉ። ቀና ብለው እንኳ አላዩም። «ተዋት ልጄ፤ ሞትኩ ካለች ደህና ናት» አሉኝ።

እኔ መቼም ተንኮል አይጠፋብኝ፤ የመጠን ቃል እያስተማርኩ እነዚህን ሁለት ሰዎች በአንድ ግቢ ማግኘቴን የሰማይ ስጦታ አድርጌ ቆጠርኩት። ልሞክራቸው ተነሣሁ። ለጋሼ ቲማቲም ከትፌ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሬ፣ ሰይጣን የሚያባርር ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት። አንዴ ጎረሱ። ዓይናቸው ቀላ፣ እንባው ዱብ ዱብ አለ፣ ጆሯቸው ሳይቀር ላበው። «እንዴት ነው ጋሼ?» አልኩ። ድምፃቸው እስኪመለስ ጠበቅሁ። «ትንሽ… ትንሽ ትለበልባለች።» ሌላ ቀን ደግሞ «ጋሼ፣ ፀሐይ ከኛ ምን ያህል ትርቃለች?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው አዩዋትና «ትንሽ ራቅ ትላለች» አሉ።

እትዬ ይህን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው «በሳቅ ሞትኩ፣ ገደላችሁኝ!» አሉ። ሳቃቸው ሲያልፍ ግን አንድ ነገር አወሩኝ። ልጃገረድ ሆነው፣ ጋሼ ሽማግሌ በላኩ ጊዜ፣ ታላቅ ወንድማቸው ጋሼን ገበያ ላይ አግኝቶ «እህቴን ወደድካት ወይ?» አላቸው። ጋሼ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ትንሽ።» ወንድምየው ነገሩን እዚያው ሊያፈርሰው ነበር። እትዬ ናቸው አልቅሰው፣ ተንከባለው፣ «እሱን ካልሰጣችሁኝ ገደል እገባለሁ» ብለው የተዳሩት።

«እና ይኸውልህ ቲቸር» አሉኝ፣ «ይኸን ሁሉ ዘመን በጣም የምትል ቃል ከአፉ ስጠብቅ ጥርሴ ረገፈ።» እየሳቁ ነው የተናገሩት። ዓይናቸው ግን አልሳቀም። ወዲያው ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ስማ! አንተ ይኼን ሰውዬ በጣም ካሰኘኸው ያን አውራ ዶሮ ወስደህ፣ እንደ ሃይማኖትህ አርደህ ብላ!» አሉ።

ያ አውራ ዶሮ ጠላቴ ነበር። ሌላውን ግቢ ሁሉ ትቶ መስኮቴ ሥር ቆሞ ነው የሚጮኸው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ይብስበታል። የክርስቲያን ቢላ እየጠበቀው እንደሆነ ነግሬዋለሁ፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ንቆኝ ይሄዳል። እናም ጋሼን «በጣም» ለማሰኘት ቆረጥኩ። አልሆነም። ሚጥሚጣው አለቀ፣ ብልሃቱም አለቀ፣ ዶሮው ወፈረ።

ወደዚያ ቀን እንግባ። ቅዳሜ ነው፣ ከቀትር በኋላ፤ ሙቀቱ ውሻውንም ሰውንም ጥላ ሥር አስተኝቷል። እኔ ማንጎው ሥር ተቀምጬ የተማሪዎቼን ደብተር አርማለሁ። ጋሼ ሰፌድ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ማሾ ይለቅማሉ። እትዬ ከቤት ወጡ። ግድግዳውን ይዘዋል። ከጠዋት ጀምሮ ድምፃቸውን አለመስማቴ ያኔ ትዝ አለኝ።

«ምነው እትዬ፣ ደህና አይደሉም?»

«ምንም አይደል» አሉ ቀስ ብለው። «ሆዴን ትንሽ አመመኝ።»

እኔ ቂል፣ በደስታ ዘለልኩ። «ጋሼ! ሰሙ? ትንሽ አሉ! እትዬ ስላይትሊ ላይ ወረዱ! ትምህርቱ ገባቸው!»

ሰፌዱ ወደቀ። ማሾው በግቢው ሁሉ ተበተነ፤ ያ አውራ ዶሮ ሮጦ መጣ። ጋሼ ብድግ ብለው ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ምን አለች?»

«ትንሽ አመመኝ…»

«ትንሽ አለች?» ወደ እትዬ ዞሩ። «አንቺ፣ ትንሽ አልሽ?»

«ኧረ አዎ፣ ትንሽ ነው። ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ? ማሾውን ደፋኸው እኮ» አሉ እትዬ፣ አሁንም ቀስ ብለው። ለተደፋ ማሾ ቀስ ብለው!

ጋሼ ጫማ ሳያደርጉ ወደ አስፋልቱ ሮጡ። ሲሮጡ አይቼአቸው አላውቅም ነበር። ሽርጣቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው፣ በሌላው እጃቸው ያገኙትን ባጃጅ ሁሉ ያስቆማሉ። እኔ የጀመርኩት ሳቅ አፌ ውስጥ ደረቀ። «ሞትኩ ካለች ደህና ናት» ያሉት ትዝ አለኝ፤ ሌላውን ግማሽ ያኔ ለራሴ ጨረስኩት።

መንገዱ ታውቁት የለ፣ ጉድጓድ ነው። ባጃጁ ሲነጥር እኔ ራሴ ጮኽኩ፤ እትዬ ግን ዝም። ደህና ቀን ቢሆን በመጀመሪያው ጉድጓድ የሹፌሩን ሰባት ቤት ይረግሙ ነበር። ሹፌሩም ያውቃቸዋል፤ በመስታወቱ ደጋግሞ እያያቸው «እትዬ ምነው ዛሬ አይሰድቡኝም?» አለ። አልመለሱለትም። ያኔ ሹፌሩም እንደኛ ፈራ።

እንግዲህ ጋሼ ጤና ጣቢያው በር ላይ የጮኹትን ሰምታችኋል። ዘበኛው እየሳቀ አስገባን። የነበረው ጤና መኮንን ወጣት ነው፤ ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ትሁት ልጅ። አንዲት እናት ምጥ ላይ ነች፤ በወባ የሚንቀጠቀጡ አሉ፤ እሱ ከዚህ እዚያ ይላል። እትዬ ፊት በርከክ ብሎ «እናቴ፣ ምን ያህል ነው የሚያምዎት?» አለ።

«ትንሽ» አሉ እትዬ።

«እሺ፣ ትንሽ ከሆነ እዚህ አረፍ ይበሉ፤ ምጧን አይቼ መጣሁ።»

ጋሼ ክንዱን ያዙት። «ልጄ፣ አልሰማህም እንዴ? ትንሽ አለች እኮ!»

«ሰምቻለሁ አባባ። ትንሽ ነው ብለዋል።»

«አዎ! ትንሽ!»

«ታዲያ ለምን ይጮኻሉ?»

«ትንሽ ስላለች ነዋ!»

ልጁ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ። ሽማግሌው አእምሯቸውን ነው የሚያማቸው እንዴ ያለ መሰለኝ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ቲቸር፣ አንተ ንገረው። ቋንቋ ታውቅ የለም?»

«ጋሼ፣ በጣም ይበሉት!» አልኳቸው ጆሯቸው ሥር። «በጣም ታማለች ይበሉት፣ ይሰማዎታል!»

አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙና በሹክሹክታ፣ «አልችልም። ሙሉውን ከጠራሁት ትሞትብኛለች» አሉኝ።

ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያን ጊዜ ሰው አሳዝኖኝ አያውቅም። ጤና መኮንኑን በሁለት እጄ ያዝኩት። «ወንድሜ፣ አንዴ ስማኝና ከዚያ እብድ በለኝ። እኚህ ሴትዮ ክር መርፌ ውስጥ አልገባ ሲላቸው ሞትኩ የሚሉ ናቸው። ቢንቢ ስትነክሳቸው ደሜ አለቀ ብለው ጎረቤት የሚጠሩ ናቸው። ትንሽ የምትል ቃል ከሳቸው አፍ ወጥታ አታውቅም። ዛሬ ወጣች። መጮኽ አቅቷቸው ነው!»

ልጁ ቀጥ ብሎ አየኝ። ከዚያ ምጥ የያዛትን እናት ለነርሷ ሰጥቶ ተመለሰ። ደግ ልጅ፣ አላህም እግዜርም ይስጡት። እትዬን አልጋ ላይ አስተኛቸው፤ የሆዳቸውን ቀኝ ጎን ቀስ ብሎ ተጫነና ድንገት እጁን ለቀቀ። እትዬ አልጮኹም። ላብ ብቻ ከግንባራቸው ወረደ፤ የጋሼን የእጅ አንጓ የያዙበት ጣታቸው ነጣ። የልጁ ፊት ተለወጠ።

«ትርፍ አንጀት ነው፤ ፈንድቶ እንዳይሆን እፈራለሁ» አለ። «አምቡላንስ! አሁኑኑ ወደ ላይኛው ሆስፒታል!»

በር ላይ ሲስቁ የነበሩት ሴቶች አምቡላንሱ ሲነሣ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ።

ወደ ጣርማ በር ሽቅብ ስንወጣ ጉሙ መጣ፣ ብርዱም መጣ። ጋሼ በቀላል ሸሚዝና በሽርጥ፣ እግራቸው ባዶ፣ የሚስታቸውን ተረከዝ በሁለት መዳፋቸው አቅፈው ያሞቃሉ። ራሳቸው ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል። «በረድዎት ጋሼ?» አልኩ። ከንፈራቸው በዱዓ ተይዟል። እትዬ በዓይናቸው ጠሩኝ፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ቲቸር፣ እዚያ ሐኪሙ ጋ… በጣም አለ?»

ብዋሽ ምን ነበር! ግን የእትዬ ዓይን ውሸት አያስተርፍም። «አላሉም እትዬ» አልኩ።

«ለእኔም?» አሉ።

ፊታቸውን ወደ አምቡላንሱ ግድግዳ አዞሩ፤ ዋሻው ውስጥ ገባንና ጨለመ።

ቀዶ ሕክምናው ተሠራ፤ አልሐምዱሊላህ። ሐኪሙ ወጥቶ «ፈንድቶ ነበር፤ ትንሽ ብትዘገዩ አናገኛቸውም ነበር» አለን። ጋሼ «ትንሽ» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ያቺን ቃል እሳቸው ብቻ ነው የሚያውቋት። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

እትዬ ቤታቸው ገቡ። ስፌታቸው ደረቀ፣ ሐኪሙም «ድነዋል፣ ከእንግዲህ ቀጠሮ የለም» አላቸው። ጎረቤቱ እየመጣ «እንዴት ሆኑ?» ሲል «ትንሽ ተሽሎኛል፣ አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል። ከአንድ ሰው በቀር።

ጋሼ ማሳ መውረድ ተዉ። ሽንኩርቱ ውሃ የሚፈልግበት ሰዓት ነው፤ እሳቸው በርጩማ ይዘው ከእትዬ መስኮት ሥር ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ጆሯቸው መስኮቱ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ እትዬ ድነዋል እኮ» አልኳቸው።

«ገና ናት።»

«ሐኪሙ ድነዋል አለ።»

«ሐኪሙ የት ያውቃታል? እኔ ገና አልሰማሁም።»

ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ ገብቶኛል። ለነገሩ እኔም ናፍቄ ነበር። ግቢው መቃብር ቤት መስሏል። ከጠዋት እስከ ማታ የሚጮኸው ያ ከይሲ ዶሮ ብቻ ነው። እትዬ ሲያናግሩኝ በሹክሹክታ ነው፤ ወጡ ጨው ሲበዛበት «ደህና ነው» ይላሉ። «ለእኔም?» ያሏት ቃል በመሐላችን እንደተቀመጠች ነበረች፤ ጋሼንም ሲያዩ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። የታመመው አንጀታቸው ብቻ አልነበረም።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ጫማዬን አስራለሁ። ጋሼ እንደ ሁሌው በርጩማቸው ላይ ናቸው። ድንገት ከመስኮቱ ውስጥ ቤቱን የሚነቀንቅ ጩኸት ወጣ።

«ወይኔኔኔ! ሞትኩ! ያ ረቢ አለቅኩ! ኧረ ድረሱልኝ፣ ቢንቢ ፈጀችኝ፣ ደሜን ጨለጠችው!»

የጋሼ መቁጠሪያ ከእጃቸው ወደቀ። ከበርጩማው ተንሸራተው፣ አቧራው ላይ በግንባራቸው ተደፉ። ሱጁድ አደረጉ። ሊነሡ ሲሉ ግን አቃታቸው፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጢማቸው ላይ እንባና አቧራ ተቀላቅሎ ጭቃ ሆኗል። እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቁ ነው የሚያለቅሱት፣ መሐል ላይ ደግሞ ይስቃሉ።

ጎረቤታችን ጩኸቱን ሰምታ ሊጥ በእጇ እንደያዘች በአጥር ቀዳዳ ሾልካ ገባች። ሽማግሌው መሬት ላይ ወድቀው ሲያለቅሱ አየች። «ዋ! ሞቱ እንዴ?» ብላ ደረቷን መታች። ከውስጥ እትዬ ቢንቢዋን እስከ ዘር ማንዘሯ ሲረግሙ ሰማችና ግራ ገባት። «ጋሼ፣ ኧረ በአላህ! ምን ሆኑ?»

ጋሼ ተነሥተው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። በፎጣቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ጢማቸውን ጠረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምንም አልሆንኩም» አሉ። «ትንሽ ደስ ብሎኝ ነው።»

ውስጥ የነበረው እርግማን ቆመ። እትዬ ሰምተዋል። ጎረቤቲቱ ሊጧን እንደያዘች፣ እኔም አንድ ጫማዬን አስሬ ሌላውን ሳላስር ቀረን። ከዚያ ከመስኮቱ የእትዬ ድምፅ መጣ፤ ወፍራም፣ የተሰበረ፣ ግን እንደ ድሮው ሰፈር የሚያሰማ።

«ቲቸር!»

«አቤት እትዬ!»

«ና ዶሮህን ውሰድ፤ በጣም ብሏል!»